ቀላል ሞተር ፍለጋ

አዲስ አበባ ውስጥ በሰው ትዳር ገብቶ ሐሳብ መስጠት የሚያሳፍረው ሰው እንኳ በሰው ሞተር ገብቶ መፈትፈት አያሳፍረውም። ካላመናችሁ ኮፈን ከፍታችሁ መንገድ ዳር ቁሙ። የማታውቁት ሰው ይመጣል፤ አንገቱን ያስገባል፤ ጥቂት ዝም ይላል፤ ከዚያ ሰላምታም ሳያስቀድም "ይሄንን አውርዶ መጣል ነው" ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሞተሩን ትቶ የመጀመሪያውን ሰው ያርማል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ መኪናው የማን እንደሆነ እስኪጠፋችሁ ድረስ ቆማችሁ ትሰማላችሁ።

የእኔ ኮፈን በተለይ ሰው ይጠራል። መኪናዬ ባለ 60 ቁጥሩ ላንድክሩዘር ስቴሽን ዋገን ነው፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ይሠራው የነበረው፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የሚቆመው። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ ነው ያገኘሁት። የተቀመጠበት ሞተር 2ኤፍ ይባላል፤ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቤንዚን። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው ብረት፣ ጠባዩም ብረት። ወረቀቱ 135 የፈረስ ጉልበት አለው ይላል። ወረቀቱ የተጻፈው ግን ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሽቅብ በወጣ ቁጥር አየር ያጥረዋል፤ አዲስ አበባም 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ትቀማዋለች። በአጭሩ፣ ከፈረሶቼ ሠላሳ ምናምኑ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል። የቀሩት ቀርተው የመጡት እንኳ ቀለብ አልቀነሱም፤ መኪናው በሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሄደልኝ ቀን ለማደያው ልጅ ጉርሻ እሰጣለሁ።

"ሽጠህ ሌላ ግዛ" የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ጋዜጣ አያነቡም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ባለቤቱ ፊት ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። የእኔውም ያው ነው። ስለዚህ መኪናውን ትቼ ሞተሩን ልቀይር ወሰንኩ፤ ሲቀየርም በቀላል።

መካኒኬ ሽማግሌ ናቸው። ሙያውን በልጅነታቸው ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው የቀሰሙት፤ እስከ ዛሬም አንድ ቁልፍ ያለቦታው ከተቀመጠ በጣሊያንኛ ይቆጣሉ። የአሮጌውን ሞተር ክብደት ስጠይቃቸው ከነኮተቱ 300 ኪሎ ገደማ አሉኝ። አዲሱ ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ ቢበዛ አንድ ኩንታል ይቀንሳል። ደስ አለኝ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት።

"አንድ ኩንታል ስትል፣ የጤፍ ኩንታል?"

"በክብደት፣ አዎ።"

"ይህን ሁሉ ብር የምታወጣው መኪናው አንድ ኩንታል ጤፍ እንዲቀንስለት ነው?"

ክብደት አፍንጫ ላይ ሲሆንና ወገብ ላይ ሲሆን እንደሚለያይ አስረዳኋት፤ የፊት ባሌስትራው እንደዘመመ፣ መሪው ረዳት ስለሌለው የቆመ መኪና ማዞር ትከሻ እንደሚገነጥል። በጸጥታ ሰማችኝና ግቢ ወጥታ መኪናውን ዞረችው። ስትመለስ ዝርዝር ይዛ ነው። ከፊት ፓራውልት ላይ የተበየደው የብረት አጥር ይፈታ። ጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ ይውረድ። ሁለት ስኮርታ ለምን? ሁለት ክሪክ ለምን? የዊንቹ ገመድ ከተበጠሰ ዓመታት ሆነውት የለም? ሁሉም ተደምሮ ኩንታሉን ያልፋል፤ የሚፈጀውም አንድ ቅዳሜ ነው፤ ብር አይጠይቅም።

"የበረሃ ነገር አይታወቅም" አልኳት።

"ሳር ቤት በረሃ ሆነ?"

ሒሳቧ ትክክል ነው። ትክክለኛ ሒሳብ ግን በወንድ ልጅ መኪና ውስጥ መቀመጫ የለውም፤ ሁሉም ቦታ በስኮርታ ተይዟል። ወሬውን ቀየርኩ።

ከዚያ የአማካሪዎች ወራት መጣ። ጎረቤቴ ሚኒባስ ነበረው፤ ስለዚህ ለእሱ በዓለም ላይ ያለው ሞተር 3ኤል ብቻ ነው፣ የዶልፊኑ። 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ ዕቃው በየሱቁ። "አሥራ ምናምን ሰው ጭኖ ስንት ዓመት ይመላለስ የለም እንዴ?" ይላል። ይመላለሳል። ግን 90 ፈረስ ገደማ ነው፤ ቱርቦ የለውም፤ ከተማችን ደግሞ የድርሻዋን ትወስዳለች። የተረፈው ሰባ የማይሞላ ፈረስ ሁለት ቶን ብረት ይዞ እንጦጦ ሲወጣ አስቡት። ወጪው ቀላል ነው፤ ተሳፋሪው ወርዶ መግፋት ስለሚችል።

የባለቤቴ ወንድም በእርዳታ ድርጅት ሾፌርነት የኖረ ሰው ነው። እሱ ከ1ኤችዜድ ሌላ አምላክ አያውቅም። እውነቱንም ነው፤ ያ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር በገጠሩ ሁሉ የሚዞሩትን ሀርድ ቶፖች ተሸክሞ ኖሯል፤ የትም ወረዳ ብትቆም የሚፈታው ሰው አታጣም። "ቀላል ነው ወይ?" ብዬ ጠየቅሁት። በሐዘኔታ አየኝ። ስድስት ሲሊንደር፣ የብረት ብሎክ። ብረት አውጥቼ ብረት ላስገባ ነው ማለት ነው። "ቀላል ሞተር የሚፈልግ ሰው ብስክሌት ይግዛ" ብሎኝ ቡናውን ጠጣ።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ስልኩን ይዞ መጣ። "አጎቴ፣ 3አርዜድ አስገባ" አለኝ። 2.7 ሊትር ቤንዚን፣ አራት ሲሊንደር፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ 150 ፈረስ። ከአሮጌው በሊትር ያነሰ፣ በፈረስ የበለጠ። ልቤ ሸፈተ። ሽማግሌው ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ "ጉልበቱን የሚሰጥህ ስንት ዙር ላይ ነው?" ልጁ ስልኩን አገላበጠ። 4,000 ዙር። የእኔ ብረት ያለውን ሁሉ 1,800 ላይ ይሰጣል፤ ካምቢዮውም ዲፈረንሻሉም የተሠሩት ለእሱ እርጋታ ነው። ጭቃ ውስጥ ገብቶ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወጣ መኪና ነው፤ 3አርዜዱ ግን ካልጮኸ አይሠራም። ዲፈረንሻሉን በሌላ ጥርስ መቀየር ሊመጣ ነው። ቀላል ሞተር እንደ ድንገተኛ እንግዳ ነው፤ ብቻውን አይመጣም።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ከሌክሰስ የወጣው 1ዩዜድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቢሆንም ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ስለሆነ ከእኔ ባለ ስድስት ብረት እንደሚቀል ነገረኝ። ስምንት ከስድስት ሲቀል አይቼ ተገረምኩ። ሰፈር ውስጥ "ቪ8 ነው" የሚለው ወሬ ከተነዛ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ሥራ አስቀጥረኝ የሚል ሰው በሬ ላይ ተሰልፎ እንደሚያድር አሰብኩና ተውኩት። ኤሌክትሪክም ተነሣ። ሞተሩ ራሱ ሁለት ሰው የሚያነሣው ዕቃ ነው አሉ። ባትሪውስ? የመጀመሪያዋ ኒሳን ሊፍ ባትሪ፣ ያቺ በከተማ የምትንሸራሸረው ትንሽ መኪና፣ 300 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። አንድ 2ኤፍ ማለት ነው። ወንበሩ ሥር ሌላ 2ኤፍ ላስተኛ!

ያዘነበልኩት ወደ 1ኬዜድ ነው፤ ፕራዶ ላይ የነበረው 3 ሊትር ናፍጣ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ ቱርቦ አለው። እኛ አገር ላይ ቱርቦ ቅንጦት አይደለም፤ ጅቡቲ የቀሩትን ፈረሶች የሚያስመጣው እሱ ነው። ስሙ የጠፋው በቴስታታው ነው፤ አሉሚኒየም ስለሆነ ከጋለ ይሰነጠቃል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አልደነገጡም፤ የእኔው መኪና ራዲያተር ለትልቅ ሞተር የተሠራ ስለሆነ ከአባይ ድልድይ ደጀን ድረስ ሽቅብ ሲወጣ እንኳ ያበርደዋል አሉ። እሳቸውን ያሳሰባቸው ቁልቁለቱ ነው።

"ስለ መውጣቱ ሁሉም ያወራል፤ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስትወርድ የሚይዝህ ማነው?"

እውነት ነው። ያ ትልቅ ቤንዚን ሞተር እግር ከነዳጅ ፔዳል ሲነሣለት አየሩን ዘግቶ መኪናውን ከኋላ ይጎትታል። ናፍጣ እንደዚያ አይዘጋም፤ በዚያ ላይ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ፍሬን ይበዛል። ፍሬኑ ደግሞ እግር የሚያቀለውን ነፋስ የሚስበው ከቤንዚኑ ሞተር ነበር! ናፍጣው ያንን ነፋስ ስለማይሰጥ የራሱ መሳቢያ ፓምፕ ይዞ መምጣት አለበት። ይህን ያልነገሩት ሰው ሞተር ቀይሮ፣ ቁልፍ አዙሮ፣ ተደስቶ፣ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሶማሌ ተራ ሄድን። መርካቶን የማያውቅ ሰው ሞተር ፋብሪካ የሚሠራ ይመስለዋል፤ እዚያ ግን ሞተር ከመሬት ይበቅላል። 1ኬዜድ አገኘን። ሻጩ ፓምፑን "እሱ ለብቻው ነው" አለ። ሞተሪኖውም ለብቻው። ቱርቦውን ሊነቅል እጁን ሲሰድ ሽማግሌው በጣሊያንኛ ጮኹበት። ዋጋው ቶሎ ወረደ፤ የወረደበትን ምክንያት ስንጠይቅ ወረቀት የለውም። ዲክላራሲዮን ያለው ሌላ ሞተር ከጓዳ ወጣ፤ ፊቱ ከወንድሙ የባሰ፣ ዋጋው ግን የተከበረ ቤተሰብ ልጅ። ወረቀት ያለውን ወሰድን፤ የሊብሬ ነገር ቀልድ አያውቅም።

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ ሊትሩ አለ፤ የነዳጁ ዓይነት አለ። ሁሉም ሊቀየር ነው። ጸሐፊዋ ቅጹን እየሞላች ከላይ ወደ ታች ጠየቀችኝ። ሲሊንደር፣ ስድስት የነበረው አራት። ነዳጅ፣ ቤንዚን የነበረው ናፍጣ። 4,230 የነበረው 2,982። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ታዲያ መኪናው ያው ነው?"

"ቀለሙ ያው ነው" አልኳት።

ሞተሩ ገባ። የፊቱ ባሌስትራ ሸክሙ ሲቀልለት ደስ ብሎት ቀና አለ፤ መብራቶቹም አብረው ቀና አሉና የመጀመሪያው ማታ መንገዱን ትቼ የቀበሌውን ሁለተኛ ፎቅ አበራሁ። ሽማግሌው አንድ ሉህ ባሌስትራ ቀንሰው አስተካከሉት። መሪው ተገራ። ባለቤቴ ሞከረችውና "ጥሩ ነው" አለች፤ ዝርዝሩ ግን እስካሁን ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

የቀረው አሮጌው ሞተር ነው። ግቢ ውስጥ፣ የልብስ ማስጫው ሥር፣ ዘይቱን እያንጠባጠበ ተቀምጧል። አንድ ጠዋት ቆራሌው ሲጣራ ሰማሁና ጠራሁት። በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው። አልተነቃነቀም።

"ስንት ኪሎ ትለዋለህ?" አልኩት።

"ቢበዛ መቶ ሃምሳ፣ ጋሼ።"

"ሦስት መቶ ነው! መካኒክ የመሰከረው ነው!"

"ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ላዩ ነው እንጂ ውስጡ ባዶ ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ሁሉ ክፍት አይደል? እኛ ብረት እንጂ ቀዳዳ አንገዛም። ቀላል ሞተር ነው።"

ያን ሁሉ ወር የለፋሁበትን ነገር በአንድ አፍ እዚያው ቁጭ ብሎ ቀላል አደረገው። "እንግዲያው አንሣው" አልኩት። ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ያዙት፤ ደም ሥራቸው ተገተረ። ከበር ሁለት ተጨማሪ ጎረምሶች ተጠሩ። አራቱም "በስመ አብ" ብለው አንድ ላይ ሳቡት፤ ሞተሩ ካለበት ስንዝር አልተነሣም። ቆራሌው ቀና ብሎ ላቡን ጠረገና ዓይኔን ሳያፍር አየኝ።

"መሬቱ ነው እኮ የያዘው፣ ጋሼ።"