ኧረ የሽርሽር ያለህ!

ነገሩ የተጠነሰሰው በሐምሌ 2014 ነው። ቢቸና ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ዋልካው ጫማ ሥር እየተለጠፈ አንዱን እግር ሦስት ኪሎ ባደረገበት ሰሞን። ቡና ቤት ተኮራምተን ሳለ አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ የሆነ አገር ሐይቅ አሳየን። ዳሩ ላይ ኮረብታ የሚያህል አሸዋ ተቆልሏል፤ ሰዎች በባዶ እግራቸው እየተንሸራተቱ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። «እኛስ ምን ጎደለን?» አለ። የጎደለንን ቆጥሬ የጨረስኩት ኅዳር ላይ ነው።

መጀመሪያ የት እንሂድ ተባለ። ባለ አሸዋው «ላንጋኖ!» አለ። ከቢቸና ተነስቶ፣ ደጀን ላይ ቁልቁል ተጠማዞ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ ጎሐ ጽዮንን ወጥቶ አዲስ አበባ መግባት ራሱ አንድ ቀን ነው። ላንጋኖ ከዚያ ወዲያ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ለሁለት ቀን ዕረፍት! ጣና ይሻላል አልን፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ ደጃችን ተኝቶ ወዴት እንንከራተታለን? እሱ ግን ፊቱን አጠቆረ። ጣና ዳር ደንገል እንጂ ያን የመሰለ የአሸዋ ክምር የለም፣ እምቦጩም አለ፣ «ታዲያ ምን ላይ ልንሸራተት ነው?»

ሞጣ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለና «አያ፣ ምን አደከማችሁ፣ እኔ ጋ እደሩና ሰባራ ድልድይ እንወርዳለን» አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ የተሰበረ፣ ከዚያ በኋላ ጎጃሜውና በጌምድሬው ስንት ዘመን በገመድ እየተሳበ ሲሻገርበት የኖረ ድልድይ ነው። አሁንማ በ2001 ዓ.ም. ገደማ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቶለታል። ይሄም አልጣመም። መውረዱስ ይሁን፣ ያን ቆላ በፀሐይ ማን መልሶ ይወጣዋል? አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሌላው ጉልበቱን የሚያመው ዘመድ አለው።

እኔ ጮቄን ጠራሁ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ፣ ጅብራው እንደ ዘብ የቆመበት፣ ጓሳው የሚተኛበት፣ ሙጋም ሱሃም ጨሞጋም የሚፈልቁበት። ከአዲስ አበባ ሰው ሊያየው ይመጣል። «ጮቄን? እሱንማ በየቀኑ እናየው የለ!» አሉኝ። የምናየው ግን ደመናውን ነው። ከሃያ ሦስታችን ጫፉን የረገጡት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የጠፋ በቅሎ ሲፈልግ።

በስንት ጭቅጭቅ ጣና ጸደቀ። ቀኑስ? እዚህ ላይ ነው ጉድ የፈላው። ጾም ከሆነ ሥጋ የለም፣ ሥጋ ከሌለ ሽርሽር የለም። ስለዚህ መስከረም ከበዓሉ ጋር ይለፍና ጥቅምት ይሁን ተባለ። ጥቅምት 13 እሑድ፣ የአንዱ አጎት ተዝካር። ጥቅምት 20 እሑድ፣ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ ቅዳሜ ማታ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። በዚህስ አላጉረመርምም፤ ለቅሶ ጥሎ ሐይቅ የሚሄድ ሰው ለኔም ቀብር አይመጣም። ጥቅምት 27 እሑድ መድኃኔዓለም ዋለ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያ ወዲያ የጤፍ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የወር ደመወዝተኛውም ቢሆን ለአባቱ ማጭድ መያዙ አይቀርም። ጥር ሠርግ ነው፣ ቀጥሎ 55 ቀን ዐቢይ ጾም። የቀረችን የመጨረሻዋ እሑድ ኅዳር 11 ናት።

ገንዘብ ያዥ እኔ ነበርኩ፤ ማን እንደመረጠኝ አላውቅም። በነፍስ ወከፍ 500 ብር። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሃያ ሦስቱም አውራ ጣታቸውን ቀስረው «አለሁ» አሉ። በሁለት ሳምንት የከፈሉት አራት ናቸው። «ደመወዝ ይግባና»፣ «ቴሌብሬ እምቢ አለኝ»፣ «ለእገሌ ሰጥቼዋለሁ»፤ እገሌ ደግሞ ስልክ አያነሳም። በየማለዳው «ጉዞው እንዴት ሆነ?» እያለ የሚጨቀጭቀኝ ሰው ሰባራ ሳንቲም ያልከፈለው ነው። ከፋዮቹ ዝም ብለዋል።

የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ ሰው መንገደኛ መሆኑ ነው! ማኅበሩ መንፈሳዊ ጉዞ ሲያዘጋጅ እኮ አውቶቡሱ ከሳምንት በፊት ይሞላል። ዲማ ጊዮርጊስ በሉት፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም፣ ትኬቱ ተቆርጦ ያልቃል፣ ሰው በሌሊት ነጠላውን ለብሶ ተሰልፎ ይጠብቃል። እናቴ በሰባ ዓመቷ ከኔ ይልቅ አገር አይታለች። እኛ ስለት የለብንም፣ ብንቀር የሚቀጣን የለም።

ቅዳሜ ማታ ስረዛው እንደ በረዶ ወረደ። «ነገ የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ነው»፤ ኳታር ከኢኳዶር! ኢኳዶር የት እንደሆነች የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ ያለኝ። «ሰኞ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ የጽዋ ተረኛ ነኝ።» «ሚስቴ ብቻህን አትሄድም ብላለች፤ እሷም አልሄድም ብላለች።» ስድስት ቀረን። በስድስት ሰው መዋጮ ባሕር ዳር ደርሶ፣ ጀልባ ተኮናትሮ፣ ዘጌ ተሻግሮ መመለስ አልተቻለም፤ በሞጣ ተወሰንን።

ሃይሩፉን በኮንትራት ይዤ ለሌሊቱ 11 ሰዓት ቀጥሬ ነበር። የመጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ «ነዳጅ ወረፋ» ብሎ በስልክ ከተስማማነው ላይ ጨመረብን። መንገድ ላይ ደግሞ በገንዘባችን በተያዘ መኪና ሰው ይጭናል። «ለናንተ ምን ይጎዳችኋል፣ ባዶ ወንበር እኮ ነው!» ደብረ ወርቅ ስንደርስ እኔ ጭኔ ላይ የሰው ዶሮ ታቅፌ ነበር።

የዐባይን ሸለቆ ከአፋፉ ሆነን አየነው። ለደቂቃ ሁላችንም ዝም አልን፤ ሸለቆው በጭጋግ ሰማያዊ ሆኖ ማዶ የጎንደር ተራሮች ተደርድረዋል። ደቂቃዋ እንዳለቀች አንዱ ስፒከሩን ከፈተና እስክስታ ተጀመረ። የበላንበትን ፌስታል የሰበሰብኩት እኔና የአክስቴ ልጅ ነን።

ማታ ሹፌሩ «ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ» ብሎ ሞጣ ላይ ጥሎን ሄደ። በማግሥቱ በአውቶቡስ ቆመን ተመለስን። ቤት ገብቼ ዕቃ ሳራግፍ ነው የእትዬ ድስት ትዝ ያለኝ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ትልቁን የሠርግ ድስታቸውን አምነው ያዋሱኝ። ከኋላ ወንበር ሥር ቀርቷል። ደወልኩ። «አለ፣ አይጠፋም። ባሕር ዳር እህቴ ጋ አስቀምጨዋለሁ፣ ስትመጣ ትወስዳለህ።»

ግጭቱ ከተነሳበት ከ2015 ክረምት ወዲህ እንኳን ለድስት፣ ለሐኪም ቤትም ቢሆን «መንገዱ እንዴት ነው?» ሳይባል ከመናኸሪያ አይወጣም። ሽርሽር የሚል ቃል ግሩፑ ላይ ከተጻፈ ቆየ፤ አሁን የሚለጠፍበት የልደት ኬክ ነው። እትዬ ግን አልረሱም። ጠዋት በራቸው ላይ ሲጠርጉ ቀና ይላሉ።

«ልጄ፣ ያ ድስቴስ?»

«አለ እትዬ፣ ደኅና ቦታ ነው።»

«የት?»

«ጣና ዳር።»