ጆሮና አፍንጫ ያነጠሩት ቅቤ

ጾመኛ ሰው ቅቤ ሲያነጥር አይቀምስም። የፋሲካ ቅቤ በብዙ ቤት የሚነጠረው ሁዳዴ ሊገባደድ ሲል፣ በሰሙነ ሕማማት ነው። ያን ጊዜ ምላስ ሥራ ፈት ይሆናል፤ የሚፈርዱት ጆሮና አፍንጫ ናቸው።

አምና እኔ ቤት የተነጠረው ቅቤ ከመነሻው ጣጣ አላጣውም። «የሸኖ ለጋ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ቅቤ ቢጫነቱ ያስጎመጃል፤ ሽታውም ደህና ነበር። ድስት ውስጥ ገብቶ ሲቀልጥ ግን አረፋው አልጠራም አለ፤ ከሥሩም ድስቱን የሚይዝ ወፍራም ነጭ ዝቃጭ ተኛበት። ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል። ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ ባጠራቀመው ገንዘብ ለዓመት በዓል የሚገዛውን ቅቤ እንዲህ ማበላሸት ግፍ ነው። ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት እስካሁን አልበረደልኝም።

ሁለተኛው ቅቤ ከማምነው ሰው እጅ መጣ። አሬራው ወጥቶ ውሃው እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። ጥጄው፣ ቀልጦ፣ አረፋ መድፈቅ ሲጀምር መብራት ጠፋ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለኝ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ነው። ድስቱን በጨርቅ ይዤ ደረጃውን ወረድኩ። ሽታው ቀድሞኝ ይወርዳል፤ በየፎቁ በር ይከፈታል። ያን ሁሉ ቀን የጾመ ሰው መሀል የቅቤ ድስት ይዞ ማለፍ ያሳቅቃል። ምድር ቤት የሚኖሩት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ከሰል አያይዘው ቡና ሊያፈሉ ነበር። «አምጣው ልጄ፣ ቡናው ይደርሳል» አሉና ጀበናውን አንስተው ድስቴን ጣዱልኝ።

ፍሙን ጥቂት አመድ አለበሱት። ከዚያ «ስማው» አሉኝ። ቅቤው ይንጣጣል። የሚንጣጣው በውስጡ ያለው ውሃ ነው። የፋብሪካ ቅቤ እንኳ ቢያንስ 80 በመቶው ስብ ሆኖ እስከ 16 በመቶ ውሃ ይይዛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ድረስ የድስቱ ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ካለቀ በኋላ ግን ሙቀቱ ሽቅብ ይሮጣል፤ ቅመሙም ያርራል። እማማ ይህን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። መንጣጣቱ ሲለዝብ፣ አረፋው ሳስቶ ከሥሩ ያለው ቢጫ ቅቤ እንደ መስታወት ሲጠራ፣ ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ አብሹንና እርዱን አስጨመሩኝ። እርድ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ቀለሙን ይሰስታል፤ ቅቤ ሲያገኝ ግን ወዲያው ይለቀዋል። የብዙ ቅመም ሽታም እንደዚሁ ነው፤ ስብ ውስጥ ይሟሟል፤ ስቡም ይዞ ያቆየዋል።

ኮረሪማው እጄ ላይ ነበር። ልጨምር ስል «እሱን ተው፣ መጀመሪያ ይውረድ» አሉ። ድስቱ ወርዶ ትንሽ ሲበርድ የተወቀጠውን ኮረሪማ ነሰነስኩበት። ያኔ ቤቱን የሞላው ሽታ ሌላ ነው። ኮረሪማ ከፋን በመሰለው የደቡብ ምዕራብ ጫካ የበቀለ የራሳችን ቅመም ነው። ሽታው ያለው በሚተን ዘይቱ ላይ ስለሆነ ቶሎ እሳት ላይ ከዋለ ሽታው ለጎረቤት ይተርፋል፤ ለወጡ አይደርስም።

ጀበናው ወደ ቦታው ተመለሰ። እማማ አንድ ቀንበጥ ጤና አዳም ስኒዬ ውስጥ ጣል አድርገው ቶሎ እንዳወጣው ነገሩኝ፤ ከቆየ ይመራል። የሻይ ቀረፋና ቅርንፉድ ግን ደረቅ ልጥና እምቡጥ ስለሆኑ ከውሃው ጋር አብረው ሲፈሉ ነው የሚሰጡት። እርጥብ ቅጠል ለአፍታ፣ ደረቅ ቅርፊት ለረጅም ጊዜ፣ የሚተን ሽታ ያለው ቅመም በመጨረሻ፦ ቅመም ምን ላይ፣ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ያወቀ ሰው ማንኛውንም ነገር ማጣፈጥ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ቅቤው ሲጠለል መብራት መጣ። ግማሹን እማማ ጋር ትቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በጾም ጊዜ ያንኑ ሥራ በዘይት እሠራዋለሁ፤ ኮሰረትና በሶብላ ለብ ባለ ዘይት ላይ ይቆያሉ፣ ኮረሪማው መጨረሻ ይገባል፣ ከዚያ ይጠለላል። የጾም ሽሮ ላይ ጠብ ሲል ፍስክ ያስመስለዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ዘይት አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የተባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፤ መርዙም ሽታም ጣዕምም ላያሳይ ይችላል። እዚህ ላይ አፍንጫ አይታመንም። ነጭ ሽንኩርቱን ወጡ ሲሠራ ትኩሱን ጨምሩት፤ ዘይቱን ለደረቅ ቅመም ተዉለት።