የተከበረ ሻጋታ

በፈረንሳይ ሶተርን፣ ሻቶ ዲኬም በሚባለው ጥንታዊ ርስት፣ ወይኑ ዘለላው ላይ እንዳለ እስኪሻግት ይጠበቃል። ሻጋታው ልጣጩን ይበሳል፤ ውሃው ይተናል፤ ስኳሩ ይቀራል። ለቃሚዎች የሻገተውን ብቻ እየመረጡ ሲለቅሙ ይሰነብታሉ፤ ከአንድ ተክል የሚገኘው አንድ ብርጭቆ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1811 የተመረተው ወይን አንድ ጠርሙስ በ2011 በ75,000 ፓውንድ ተሸጧል።

የሆሳዕና እናቶች ይህን ቢሰሙ የሚገርማቸው ዋጋው እንጂ ዘዴው አይደለም። እንሰቱን ፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው፣ ወራት ሲልም ዓመታት ማብላላቱን ያውቁበታል። ከሾኔ እስከ ዱራሜ የቆየ ቆጮ ወዳጅ አያጣም። ምን ያደርጋል፣ ጉድጓዳቸው እንደ ዲኬም እ.ኤ.አ. በ1855ቱ የፈረንሳይ ወይን ምደባ ደረጃ አልወጣለትም! ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የወረደው እንግዳ ሽታው ሲመጣበት አፍንጫውን ይይዛል። ማታ ሆቴሉ ገብቶ ግን ጣፋጭ ወይን ያዝዛል፤ ብርጭቆውን ያዞራል፣ ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።

ለነገሩ ሆሳዕና ወንጌላውያን የሚበዙባት ከተማ ናት፤ ብዙው ሰርግ የሚደምቀው በለስላሳ ነው። ዲኬም ተሳስቶ ከሚሪንዳው ጎን ቢሰለፍ፣ አንዱ አጎት ቀምሶ፣ «ልጄ፣ ይሄ መቼ ነው የተከፈተው? ጋዙ ወጥቷል» ማለቱ አይቀርም።