አንገት ያለው ይዙር

ዲማ ላይ የማይጠፉ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ወርቅና ነገር። ስለ ወርቁ ሁልጊዜ “አምና ይሻል ነበር” ይባላል። ነገሩ ግን አንድም ቀን ቀንሶ አያውቅም።

ሰሞኑን ነገር የሞላው ሞባይል ቤት ነው። ሞባይል ሠሪው ልጅ ከውጭ ዘመድ የላከለትን የቪአር መነጽር ፊቱ ላይ ግጥም አድርጎ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ በኤፍ-5 ተዋጊ ጀት ይዋጋል። ጨዋታው ዲሲኤስ ይባላል። ወርቅ ገዢው ጋሼ ብቅ አሉ።

“ምነው ልጄ፣ ዓይንህን አመመህ?”

“አላመመኝም ጋሼ። ጠላት ኋላዬ ገብቶብኝ ነው።”

“ኋላህ የቆምኩትማ እኔ ነኝ። ስልኬን ነገ ነገ እያልክ የምታመላልሰኝ።”

“እንግዲያው በትክክል ነው ያየሁት!”

እኔ በዚህ ጉዳይ ከልጁ ጋር ነኝ። በአየር ውጊያ ከተመቱት ብዙዎቹ የመታቸውን ሳያዩ ነው የተመቱት የሚለው የአብራሪዎች ወግ የቆየ ነው። የድሮ ሲሙሌተር ደግሞ ፊት ለፊት ብቻ ያሳይ ነበር፤ ኋላህን ለማየት ቁልፍ መጫን ነበረብህ። ጠላት እስክትጫን ይጠብቅሃል? መጀመሪያ የመጣው መላ እንደ ትራክ-አይአር ያለው የራስ እንቅስቃሴ መከተያ ነው። ኮፍያህ ላይ ብርሃን የሚመልሱ ሦስት ነጥቦች ትሰካለህ፣ ስክሪኑ ላይ የተቀመጠች ካሜራ እነሱን ትከተላለች። ብልሃቱ ማባዛቱ ላይ ነው፦ አንተ አንገትህን በጥቂቱ ስታዞር ጨዋታው ውስጥ ያለው ራስ እስከ ጭራ ድረስ ይዞራል። ዓይንህ ግን ከስክሪኑ አይወርድም።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። “ትንሽ ዞሮ ሁሉን ማየት? ይሄንማ ጎረቤቴ ያለ ካሜራ ስትሠራው ኖራለች!”

መነጽሩ ግን አያባዛም። ጭራህን ማየት ከፈለግህ እንደ እውነተኛው አብራሪ ወገብህንም አንገትህንም ጠምዝዘህ መዞር ነው። በምላሹ የሚሰጥህ ርቀት ነው። ከፊትህ ያለው አውሮፕላን ምን ያህል እንደቀረበ ሁለቱ ዓይኖችህ ራሳቸው ይነግሩሃል፤ ኮክፒቱ ሥዕል መሆኑ ይቀርና የተቀመጥክበት ክፍል ይሆናል። ጉዳቱም አለ። ሩቅ ያለ ጠላት ነጥብ አክሎ ይጠፋብሃል። ኪቦርዱን በዳበሳ ነው የምታገኘው። ከሁሉ የከፋው ግን ማጥወልወሉ ነው፤ ዓይን “ተገለበጥን” ሲል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል “ኧረ ከወንበራችንም አልተነሣን” ይላል። የሁለቱን ጠብ ሆድ ሰምቶ አይችለውም፤ ይመልሰዋል። አዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ያሉት ትልልቆቹ ሲሙሌተሮች በስድስት እግር ቆመው የሚወዛወዙት ለዚሁ ነው፤ ዓይን የሚዋሸውን ሰውነትም አብሮ እንዲዋሽ።

“ሚዛንህ ተዛባ በለኛ” አሉ ጋሼ።

“ሚዛን የሚዛባውማ ጆሮ ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ጋሼ።”

በር ላይ የቆሙት ወርቅ አጣቢዎች ጭብጨባውን አቀለጡት። ይህን የሚሉበትን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ።

ጋሼ ቆፍጠን አሉ። “በእኛ ጊዜ በእውነት ነበር የሚዋጉት!”

እዚህ ላይ ጋሼ አልተሳሳቱም። ልጁ የያዘው አውሮፕላን ተራ አይደለም። አሜሪካኖች ኤፍ-5ን ለአብራሪዎቻቸው ሚግ-21 አስመስለው ያለማምዱበት ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት በኦጋዴን ሰማይ ላይ ግን የእኛዎቹ ኤፍ-5 ይዘው የገጠሙት ራሱን ሚግ-21ን ነው፤ ጣሉትም። ያኔ የሚያባዛ ካሜራ የለ፣ አንገት ብቻ ነበር። የዚያ ጦርነት ስመ ጥር አብራሪ ለገሠ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመቶ ከወረደ በኋላ 11 ዓመት ሶማሊያ ታስሯል። ልጁ ሲመታ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከደብረ ዘይት እንደገና ይነሣል ብል ደስ ባለኝ፤ ጨዋታው ግን ደብረ ዘይት የለውም፣ ከካውካሰስ ነው የሚነሣው።

“የራስ እንቅስቃሴ መከተል ራሱ ከጦርነት የመጣ ነው፣ ጋሼ” አለ ልጁ። እውነቱን ነው። ሱ-27 እና ሚግ-29 በአብራሪው የራስ ቁር ላይ ማነጣጠሪያ እንዲኖራቸው ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ አብራሪው ራሱን ሲያዞር አር-73 ሚሳይል ወደዚያው ያያል። በ1991 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ሰማይ ላይ የተገናኙትም እነዚሁ ሁለቱ ዓይነቶች ናቸው።

“ያየሁት ሁሉ የሚመታልኝ ቢሆንማ” አሉ ጋሼ “ብድሬን የበላ ሰው ዲማ ውስጥ ባልቆመ!” ይህን ሲሉ በሩ ላይ ከቆሙት ሁለቱ ቀስ ብለው ሄዱ።

ምረጥ ብባል፣ ለዲማ መነጽሩን አልመርጥም። መነጽሩ ለሁለት ዓይን ሁለት ሥዕል በሰከንድ 90 ጊዜ ያህል ይፈልጋል፤ ይህን የሚችል ኮምፒውተር ዋጋው ከወርቅ ጋር ይፎካከራል። በዚህ ሙቀት ስፖንጅ ፊት ላይ አጥብቆ መቀመጥም አለ። ልጁ መነጽሩን ሲያወልቅ ከአየር ውጊያ ሳይሆን ከወንዝ የወጣ ይመስላል። ኦፕንትራክ የሚባለው ፕሮግራም ግን በነፃ ይገኛል፤ ተራ የኮምፒውተር ካሜራ ፊትህን አይቶ ራስህን ይከተልልሃል። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም እኩል ይጠፋሉ፤ በነፃ የመጣው ሲጠፋ ግን ያን ያህል አያንገበግብም።

ልጁ ይህን ስለው አኮረፈ። መነጽሩን በትልቅ ምስክር ሊያስከብር ፈለገ። “እውነተኛ የኤፍ-16 አብራሪ እኮ መነጽር አጥልቆ ተዋግቷል! በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ዳርፓ የሚባለው የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ባዘጋጀው ግጥሚያ።”

“እህሳ?” አሉ ጋሼ።

“5 ለ 0።”

“ጎሽ! ማንን አሸነፈ?”

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። “እሱ ነው የተሸነፈው።”

“በማን?”

“በኮምፒውተር ፕሮግራም። ግን ጋሼ፣ እሱ ፕሮግራም ጠላቱ የት እንዳለ በቁጥር ይነገረው ነበር። መፈለግ፣ መዞር አላስፈለገውም። ዓይን የለው፣ መነጽር የለው፣ አንገት የለው...”

“እንዲያ ነው እንጂ!” አሉ ጋሼ ወደ በሩ እያዩ። “አንገት የሌለው አንገት አስደፋው በለኛ!”