ከቧሂት ማዶ

ሰኔ ሲገባ የእኛ አገር ሰው ጭንቀቱ ሁለት ነው፤ ገብሱና መንገዱ። ከደባርቅ ተነሥቶ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በቧሂት በኩል ወደ ጃን አሞራና በየዳ የሚዘልቀው ጠጠር መንገድ ዝናብ ሲጥል ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል። ጭቃው ጎማ ይይዛል፣ ጉሙ ዓይን ይጋርዳል፣ ረዳቱ ድንጋይ ታቅፎ ከኋላ ይሮጣል። «ውረዱ፣ ይቅለልለት!» ሲባል አሮጊት የለ፣ ሕፃን ያዘለች የለ፣ በሽተኛ የለ፣ ሁሉም ይወርዳል። ዳገቱን በእግሩ ለወጣ ሰው ግን ከታሪፉ አምስት ሳንቲም አይቀነስለትም።

ኧረ መውረዱስ ግድ የለም! የሚያንገበግበው፣ መንገዱን የሚያጠፋው የተደፈነ ቦይ መሆኑ ነው። ቱቦው በደለል ሲሞላ ጎርፉ መውጫ ያጣና መሐል መንገዱን ይይዛል፤ ገረጋንቲውን ጠርጎ ይወስድና ድንጋዩን አግጥጦ ይተወዋል። ክረምት ሳይገባ በአካፋና በዶማ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ግሬደሩ የሚመጣው ሁሉም ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ላዩን ገፍቶ ደልድሎ ይሄዳል፣ ቦዩ እንደተደፈነ ይከርማል። በዓመቱ እንደገና ያው ነው።

እስከዚያው ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ትጓዛለች። ማዳበሪያ የዘር ወቅት ካለፈ ይደርሳል። ገበሬው መንገዱ ሳይዘጋ ብሎ ገብሱን በተገኘው ዋጋ ይሸጣል።

ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ሲሰፍር ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው መንገድ ነበር። ለዋልያው ማሰብ ተገቢ ነው፤ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከመዝገቡ ሲወጣም ደስ ብሎናል። በዚሁ መንገድ ላይ የሚንገላታው ሰውስ በየትኛው መዝገብ ይስፈር?

በዚያው በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ተቋቁሟል። ለጥገና የሚውል ገንዘብ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ይሰበሰባል፤ አይሱዙው ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ይከፍላል፣ ባለቤቱም በታሪፉ ላይ አድርጎ ከእኛ ይወስዳል። ለጥገናው ከፍለናል ማለት ነው። እናንተ መንገድ እንድትጠብቁ የተመደባችሁ ሰዎች፣ አስፋልት አምጡ አላልንም፤ ግንቦት ሳያልቅ ቦዩን ጥረጉልን።