ስለ ‹በ› ሸክምና ስለ ዝናቡ ባለቤት

የእንግሊዝኛችን ችግር ምንጩ አንዲት ፊደል ናት፦ ‹በ›። በጠዋት እንነሳለን፣ በሰኔ እንዘራለን፣ በቢላ እንከትፋለን፣ በታክሲ እንሄዳለን፣ በእግዚአብሔር እንምላለን። ሁሉንም ተሸክማ አንድ ቀን አላማረረችም። እንግሊዞች ይህንኑ ሥራ ለኢን፣ ለኦን፣ ለአት፣ ለባይና ለዊዝ አከፋፍለውታል፤ ሥራ አጥ ለመቀነስ ይመስላል።

ጠዋት ‹ኢን›፣ ሰኞ ‹ኦን›፣ ሌሊት ግን ‹አት› ነው። ሌሊቱ ምን አጥፍቶ ከጠዋቱ እንደተለየ የተጠየቁ መምህራችን «ይሸመደዳል» ብለው አልፈዋል። ሰዓትም ‹አት› ነው፤ ሆኖም ‹አት ቱ ኦክሎክ› ብሎ መስተዋድዱን ያልሳተ ሐበሻ ቀጠሮውን በ6 ሰዓት ይስታል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቆመው የሚራመዱበት ማጓጓዣ፣ ማለትም አውቶቡስና ባቡር፣ ‹ኦን› ነው፤ ጎንበስ ብለው ገብተው የሚቀመጡበት ‹ኢን›። ሕጉ ሲወጣ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ አልታየም። ጥናት አቅራቢው ለመስክ ሥራ ከሳር ቤት ወደ ስታዲየም በሚሄድ ታክሲ ተሳፈረ። ለሦስት በተሠራ ወንበር አራተኛ ሆኖ ስለተቀመጠ ‹ኢን› መሆኑ አላከራከረም። ረዳቱ ግን በሩ ሥር ጎብጦ ቆሟል፤ አንገቱ በመስኮት ወጥቶ ይጣራል። ከወገብ በታች ‹ኦን›፣ ከአንገት በላይ ‹አውት ኦፍ› ሆኖ ተመዝግቧል።

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሌላ ችግር ገጠመ። ‹ሜክሲኮ ላይ ነኝ› የሚለውን በ‹ኦን› የተረጎመ ተማሪ አገሩ አናት ላይ የወጣ ይመስላል፤ በ‹ኢን› ካረመው ፓስፖርት ያስፈልገዋል። አደባባዩ የተሰየመው ሜክሲኮ የጣልያንን ወረራ በመንግሥታት ማኅበር ስለተቃወመች ነው። ውለታዋ አይረሳም፤ መስተዋድዱን ግን አላሰበችልንም።

ዓረፍተ ነገርን በተመለከተ፣ ‹ዘነበ› አራት ነጥብ ከተሰጠው ሙሉ ነው። (የሰው ስምም ይሆናል፤ እሱ ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል።) እንግሊዝኛ ግን ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ከቤት አያስወጣም፤ ዝናቡንም ‹ኢት› በሚባል ማንነቱ ባልታወቀ አካል ስም አስመዝግቦታል። እኛ ባለቤቱን ስለምናውቀው ስሙን በከንቱ አንጠራም።

በመጨረሻም ጥናት አቅራቢው ‹ወራጅ› የሚለውን ጎዶሎ ንግግር ትቶ፣ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ አሟልቶ «እኔ እዚህ አደባባዩ አጠገብ መውረድ እፈልጋለሁ» አለ። ረዳቱ ዞሮ ከእግር እስከ ራሱ አየው። ሾፌሩም አየው። ታክሲው ግን አልቆመም። ጥናት አቅራቢው ስታዲየም ወረደ፤ ያለ ምንም መስተዋድድ።