ስኳሩን መልሱልኝ

በእኛ ቤት "በጣም ቀላል ነው" ከተባለ ቅዳሜዬ ሄደ ማለት ነው። በእኛ ዘመን ቀላል የሚባለው ቆሎ ነበር፤ ገብሱ ይታመሳል፣ ይበርዳል፣ ይቆረጠማል፣ አበቃ። የልጅ ልጄ ከስልኳ ያገኘችው ቀላል ነገር ግን ሶርቤ ይባላል። ወተትም ክሬምም የሌለበት፣ ከፍራፍሬ፣ ከስኳርና ከውኃ የሚሠራ በረዶ ነው። "ሦስት ነገር ብቻ እኮ ነው፣ አባባ" ትለኛለች። ሦስቱን ነገር ለማብረድ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ከፍሪጅ ይባረራል። ቀዝቃዛ ውኃ ልቀዳ እጄን ስዘረጋ "እንዳይከፍቱት!" እያሉ ይጮኹብኛል። ፍሪጁን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ጊዜ ሲመርጡም አያፍሩም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ጉሊቱ ላይ ማንጎ ሲደረደር፣ ያን ጊዜ ነው ብሌንደሩ የሚነሣው። 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የምንተወው ሰውነታችን ትንሽ እንዲጎድልበት ነበር። እኛ ሽሮና ክክ እየበላን፣ ቢበዛ ተልባ እየጠጣን ፋሲካን በጣታችን እንቆጥር ነበር። እነዚህ ሶርቤያቸውን በብርጭቆ ይዘው፣ ሶፋው ላይ ተደላድለው "የጾም ነው" ይሉኛል። ማንጎ ወተት የለውም። ስኳርም ከሸንኮራ ነው፤ ሎሚም ከዛፍ ነው። ሕግ አልጣሱም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ቢጥሱ ኖሮ ተከራክሬ እረታቸው ነበር።

ማንጎውን በተመለከተ የምለው አለኝ። ከአሶሳም ይምጣ ከአርባ ምንጭ፣ የአገር ቤቱ ማንጎ ጣዕሙ ሸጋ ነው፤ ክሩ ግን ጥርስ መሐል ገብቶ እስከ ማታ አብሮ ያመሻል። አፕል ማንጎ የሚሉት ክር የለውም፤ ዋጋውን ስሰማ ግን ክሩን እመርጣለሁ። ስለዚህ ማንጎው ይላጣል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ በማጥለያ ይጠለላል። ማጥለያውን የሚጫነው ማነው? "አባባ ሥራ የለዎትም" የተባለው ሰው ነዋ። ጁስ ቤት ሄጄ ማንጎና አቮካዶ ተደራርቦ የተቀዳለት ስፕሪስ ባዝ ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ሳልደክም ጋዜጣዬን እያነበብኩ እጠጣ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው በደል ልምጣ። ለአንድ ኪሎ የተጠለለ ማንጎ 200 ግራም ያህል ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ትኩስ ውኃ ይሟሟና ይበርዳል፤ ከዚያ ከአንድ ሎሚ ጭማቂና ከቁንጥር ጨው ጋር ይቀላቀላል። መጠኑን ያነበበችልኝ ራሷ የልጅ ልጄ ናት። ቀምሳው ግን "ውይ፣ በጣም ይጣፍጣል!" አለችና በሚቀጥለው ቅዳሜ ስኳሩን በግማሽ ቀነሰችው። "አባባ፣ ለጤናዎ ብዬ ነው እኮ" አለችኝ። የእኔ በሽታ ግፊት ነው፤ ሐኪሙ የከለከለኝም ጨው ነው። ጨውን ሳትነካ ስኳሬን ወሰደችው።

ማታ ከፍሪዘር ሲወጣ ሶርቤው ኮብልስቶን ሆኖ ነበር። ማንኪያው ተጣመመ። ቢላዋው ተንሸራተተ። ባለቤቴ ዘነዘና ይዛ ስትመጣ አይቼ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

እንግዲህ በዘነዘና የተሰበረ ነገር ስንመጠምጥ አመሸንና ምክንያቱን እንድታነብልኝ አደረግኋት። ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር ለጣዕም ብቻ አይደለም የሚገባው። በውኃው ውስጥ ሟሙቶ ውኃው ሙሉ በሙሉ እንዳይረጋ ያግደዋል፤ በበረዶው ቅንጣቶች መካከል ያልረጋ ወፍራም ሽሮፕ ስለሚቀር ማንኪያ ይገባዋል። የበሰለ ማንጎ ከመቶው 14 ገደማ የራሱ ስኳር አለው፤ ሶርቤ ደግሞ በድምሩ ከመቶው ከ25 እስከ 30 ይፈልጋል። የጎደለውን የምንሞላው እኛ ነን። ሐባብ ከሆነ ደግሞ ከመቶው ከ90 በላይ ውኃ ስለሆነ የባሰ ይደርቃል። ሌላም አለ፤ ብርድ ምላስን ያደነዝዛል። ሳይረጋ ልክ የመሰለው በርዶ ሲቀመስ አልጫ ነው፤ ስለዚህ ገና ፈሳሽ ሳለ ትንሽ በዛ ብሎ መጣፈጥ አለበት። ይህ ሁሉ እዚያው ስልኳ ላይ ተጽፎ ነበር። ዝቅ ብላ አላነበበችውም።

ይህን ያህል ካወቅን በኋላ ይቀናናል ብዬ ነበር፤ አሁን ደግሞ እንቁላል መጣ። የድሮ ሶርቤ ሠሪዎች የስኳሩን መጠን የሚለኩት በእንቁላል ነው አሉ። ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ ታጥቦ ውሁዱ ውስጥ ይገባል፤ ከሰጠመ ስኳሩ ጎድሏል፤ የሳንቲም ስፋት ያህል ብቅ ካለ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ከወጣ በዝቷል። ብልሃቱን አልጠላሁትም። ባለቤቴ ግን "በዐቢይ ጾም? እንቁላል?" ብላ ከጓዳ ወጣች። የልጅ ልጄ "ቅርፊቱ አይበላም፣ ገብታ ትወጣለች" ብላ ተሟገተች። ገላዋን የታጠበች እንቁላል ጾም ታስገድፋለች ወይስ አታስገድፍም የሚለው ክርክር እስከ ምሳ ቆየ፤ ማንም ወደ ንስሐ አባታችን ሊደውል አልደፈረም። በመጨረሻ በሚዛን ለካን።

የኔም ሐሳብ ነበረችኝ። አልኮል በቤት ፍሪዘር ብርድ አይረጋም፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ማንኪያ አረቄ ጣል ቢደረግበት ሶርቤውን ያለሰልሰዋል። ይህን የሚሉት ፈረንጆቹ ራሳቸው ናቸው። ለዘመናዊ ዕውቀት ልቤን የከፈትኩት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነበር፤ ባለቤቴ ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቃ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ማብረዱስ ቢሆን? ማሽን ያለው ሰው ማሽኑ ያማስልለታል። ማሽን የሌለው ሽማግሌ አለው። ውሁዱ በሰፊ፣ ጠፍጣፋ ሳህን ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፤ በየሠላሳ ደቂቃው እየወጣ ከዳር የረጋው በሹካ ተፍቆ ወደ መሐል ይማሰላል፤ ይህም ሦስት አራት ሰዓት ይቀጥላል። ካልተማሰለ የበረዶው ቅንጣት እያደገ ይሄድና ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ውኃ ልቀዳ ብዬ የተከለከልኩትን ፍሪጅ እንግዲህ በየግማሽ ሰዓቱ እየተጠራሁ እከፍታለሁ።

ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። ሁልጊዜም ሊያልቅ ሲል ነው የሚሄደው። ሲመለስ ግማሹ ቀልጦ ነበር፤ የቀለጠውም እንደገና ሲረጋ ትልልቅ ቅንጣት ሠራ። የልጅ ልጄ ልታለቅስ ደረሰች። እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልናገር፤ ልጅቷ ብልህ ናት። የረጋውን ሰባብራ ብሌንደር ውስጥ መልሳ ፈጨችው፣ መልሳም አስገባችው። ስኳሩን በልኩ አድርጋ ስለነበር ሐር ሆኖ ወጣ። ሁለት ጊዜ አስቀዳሁ፤ ሁለተኛውን ያስቀዳሁት ግን ለመመርመር ነው።

ፕሮኮፒዮ የሚባል የሲሲሊ ሰው በ1686 ፓሪስ ላይ ካፌ ከፍቶ ሶርቤ ይሸጥ ነበር፤ በስሙ የሚጠራ ምግብ ቤት ዛሬም እዚያው አለ። ያ ሰው "ለጤናችሁ ብዬ ነው" እያለ ስኳር ቢቀንስ ኖሮ ሱቁ ፋሲካን አይደርስም ነበር።

ስለዚህ ሽማግሌ በቤታችሁ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ስኳሩን በልኩ አድርጉት። ለጤናችን ከሰጋችሁ ስኳሩን ትታችሁ የምትቀዱልንን ቀንሱ። ያቺንም ቢሆን አሥር ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ከፍሪዘር አውጡልን። የቀሩኝን ጥርሶች ለፋሲካው ዶሮ ነው ያስቀመጥኳቸው።